ይቺ የመጨረሻዋ ናት

ፀጉር ሠሪ ሁሉ አንድ ውሸት አላት። ሚዶው ቋጠሮ ላይ ደርሶ፣ የደንበኛዋ አንገት እንደ ኤሊ ወደ ትከሻዋ መግባት ሲጀምር፣ ፀጉር ሠሪዋ ጎንበስ ትልና «አይዞሽ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ናት» ትላለች። የመጨረሻዋ አይደለችም። ከጆሮ እስከ ጆሮ ገና ያልተነካ ፀጉር አለ። ደንበኛዋም ይህን አታጣውም። ግን ዓይኗን ጨፍና ያቺን አንዷን ትችላታለች፤ ከዚያ ሌላ የመጨረሻ ይመጣል።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ውሸቱን የወረሰችው ከአክስቷ ነው፤ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ፣ ከፀጉር መጠቅለያው ቢጎዲን ሣጥንና ከሦስቱ ወንበሮች ጋር። ሱቋ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለች ስለሆነች በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ብዙ ዘመን ከመቀመጧ የተነሳ ማን እንደሚመጣ ከጫማው ታውቃለች። ደንበኞቿ «እጀ ብረት» ይሏታል። ስድብ አይደለም። እሷ የጎነጎነችውን ፀጉር ነፋስም እንቅልፍም አይፈታውም፤ ወይ እሷ ትፈታዋለች፣ ወይ መቀስ።

እጀ ብረት ወሬ አታበዛም። ማውራት የደንበኛ ነው። ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ሴቶች የማያነሱት ነገር የለም፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚያወሩት ስለ ወለዱበት ቀን ነው። አንዷ በታክሲ ውስጥ ልትወልድ ምንም አልቀራት። ሌላዋ የባሏን አውራ ጣት ነክሳ ጥፍሩን አስጥላዋለች። ሦስተኛዋ ምጥ ላይ ሆና አማቷን ምን ብላ እንደሰደበቻት ብትናገር እስከ ዛሬ የሚያምናት የለም። ዙሩ ደርሶ «አንቺስ?» ሲሏት እጀ ብረት ሚዶዋን ሳታቆም፣ «እኔማ በወሬ መሃል ነው የወለድኩት» ትላለች።

እውነቷን ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ምጡን የሚያደነዝዘውን የወገብ መርፌ ገና በጊዜ ወጓት። ከወገቧ በታች ያለው አካሏ የሌላ ሰው ሆነ። አጠገቧ የቆመችው ነርስ ደግሞ ከፊት በኩል ፀጉሯ ይሳሳ ነበርና ምን እንደሚሻላት ጠየቀቻት። እሷም፣ ሥራዋ ነውና፣ ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ማሰር እንድትተው፣ ማታ ማታም እንድትፈታው እየመከረቻት ሳለ ከእግሯ በኩል አንድ ድምፅ «ተወለደች!» አለ።

«ማን?» አለች እጀ ብረት።

ይህቺ «ማን?» ሱቁን ለዓመታት አሳቀች። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ልጅቷ አደገችና፣ ሚጢ ነው የሚሏት፣ አንድ ቀን ፀጉሯን እየተሠራች «እማዬ፣ እኔ ስወለድ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ጥሩ ነበር።»

«ምኑ?»

እጀ ብረት እንግዳ ቤቷ ገብቶ ተቀምጦ ሳለ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ እንደቆየች ሴት ሆነች። እንግዳው መጥቷል፣ ደስ ይላል፤ በሩን የከፈተችለት ግን እሷ አይደለችም።

ሁለተኛውን ስታረግዝ መርፌውን እንደማትፈልግ መጀመሪያ የነገረችው ለባሏ ነበር። ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሱቁ ቁም ሣጥን ታህላለች፤ እጅጌው ላይ ሁልጊዜ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል።

«ሰው በሩ ተከፍቶለት በመስኮት ይገባል?» አላት።

«እኔ ባለፈው በበሩ ገብቼ ቤቱን ሳላየው ነው የወጣሁት።»

«ቢያምሽስ?»

«ያመኛላ።»

ባልየው ክርክር አይወድም። ለእናቱ ግን ነገራቸው። ነገሩ ከእሳቸው አልፎ ሱቁ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። አማቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌ ደረታቸው ላይ እንደተሰካ መጥተው ደረጃውን ወረዱ።

«እውነት ነው የምሰማው?» አሉ ሳይቀመጡ።

«ምኑን እማማ?»

«አራት ወልጃለሁ። አራቱንም ግድግዳ እየቧጠጥኩ። እኛ መርፌው ጠፍቶ እንጂ ወደን መሰለሽ? ውሃ በቧንቧ ቤትሽ ድረስ መጥቶልሽ እንስራ አዝለሽ ወንዝ ትወርጃለሽ?»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሉ የለ» አሉ ካስኩ ሥር የተቀመጡት ጡረተኛ መምህርት። የሱቁ የሁልጊዜ ደንበኛ ናቸው፤ ካስኩ ሲጮህ ጆሯቸው አይሰማም ተብሎ ይታመናል፤ ሁሉንም ግን ይሰማሉ። «ይሄ ጉራ ነው የኔ ልጅ። ጉራ ደግሞ እስከ መንገዱ አጋማሽ ነው የሚሸኝ።»

«ተዉአት፣ ትችለዋለች» አለች ሌላዋ ደንበኛ። «እጀ ብረት አይደለች?»

«ብረትም እሳት ሲገባ ይለሰልሳል» አሉ አማቷ፤ መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ አስተካክለው ሰክተውም ወጡ።

እጀ ብረትን መሳቂያ መሆኑ አላስጨነቃትም፤ ሱቋ የሳቅ ሱቅ ነው፣ ነገ ሌላ ሳቅ ይመጣል። ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። ከባሏ ጋር ሁለት ልጅ ይበቃናል ብለው ተነጋግረዋል። ይህ ካመለጣት ሌላ የለም። አጋማሹ ላይ ፈርታ መርፌውን ብትለምን፣ ይህኛውም እንግዳ እሷ ጓሮ ሳለች ይገባል።

ከደንበኞቿ መሃል አዋላጅ ነበረች። ከእጀ ብረት በዕድሜ ከፍ ትላለች፤ ሰፊ ትከሻ፣ ዝቅተኛ ድምፅ። በሥራዋ ላይ እጇ ሲንቀጠቀጥ ያየ የለም ይባላል። ሚዶ ስታይ ግን እንባዋ ይቀድማል። ጭንቅላቷ እንደ ቁስል ነው፤ ገና ሲነካ ትጮኻለች። የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ ከመያዟ የተነሳ አንደኛው እጀታ ላልቷል፤ ሱቁ ውስጥ «የአዋላጇ ወንበር» የሚባለው እሱ ነው።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አለቻት እጀ ብረት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሆዷ ከወንበሩ ጀርባ አላስጠጋ እያላት።

«ውሸታም! ከሦስት የመጨረሻ በፊትም እንዲሁ ብለሽኛል።»

እጀ ብረት ሳቀች። ከዚያ እጇን አቆመች። «እትዬ፣ እኔ ያንቺ እጅ ላይ ስወድቅ ይቺን ነገር እንዳትዪኝ።»

«የቷን?»

«የመጨረሻዋ ናት የሚለውን። ለሰው የምሸጠውን ራሴ አልገዛም። ስንት እንደቀረኝ እውነቱን ንገሪኝ።»

አዋላጇ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። ዓይኗ ገና እርጥብ ነበር። «እውነቱ እኮ አንዳንዴ ከምጡ ይብሳል።»

«ይባስ።»

«መርፌውን ከጠየቅሽኝስ?»

«ስንት እንደቀረኝ ትነግሪኛለሽ። እኔ እወስናለሁ።»

«ጥሩ። ከጠየቅሽኝ ግን እምቢ አልልሽም፤ አልስቅብሽምም። ሐኪሙን እጠራለሁ። መርፌ የጠየቀች ሁሉ የተሸነፈች የሚመስላት በናንተ ሱቅ ነው እንጂ በኛ ቤት አይደለም።» ቀጥላም፣ «አሁን ጨርሺልኝ፣ እንባዬ አንገቴ ውስጥ ገባ» አለች።

ምጡ የመጣው በጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ ጡረተኛዋ መምህርት ወንበር ላይ ሳሉ ነው። ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ጥቃቅን ጉንጉን አዘዋል፤ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደ ጥጥ ቆሟል። እጀ ብረት ወገቧ አካባቢ አንድ ነገር ሲጨብጣት ተሰማት። ምንም አላለችም። የአክስቷ አንድ ሕግ ነበር፤ ግማሽ ራስ ከዚህ በር አይወጣም። ስለዚህ መጎንጎኗን ቀጠለች።

«አንቺ ልጅ» አሉ መምህርቷ ጥቂት ቆይተው፣ «ቅንድቤ ወደ ላይ ወጣ።»

«ይቅርታ መምህር።»

የሚቀጥለው ጉንጉን ላላ ያለ ሆነ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። ከዚያ እንደገና አንዱ ከሥሩ ጥብቅ ብሎ መጣና መምህርቷ ከወንበሩ ተነሱ ማለት ይቻላል። በመስታወቱ ፊቷን አዩ፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ የፀጉሩን ዘለላ ሳትለቅ፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ምጥ ነው እንዴ?»

«ትንሽ ነው። ቀጥ ብለው ይቀመጡልኝ።»

«ኧረ ተይኝ! ግማሽ ራሴን ይዤ እሄዳለሁ!»

«አይሆንም መምህር። አይዞዎት፣ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።»

አልነበረችም። ግን ጨረሰች፤ ጫፉንም አሰረች። መምህርቷ ወደ ሠርጉ የሄዱት አንዱ ጥብቅ፣ ሁለቱ ላላ፣ አንዱ ጥብቅ በሆነ ራስ ነው። ምክንያቱን ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ልጅቱ ምጧን እኔ ራስ ላይ ነው ያማጠችው፤ ከፈለጋችሁ ዳብሳችሁ ቁጠሩት» ሲሉ ዋሉ።

ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ባሏ ሱቁን ዘግቶ፣ እጅጌውን እንኳ ሳያራግፍ አደረሳት። የማዋለጃው ክፍል መስኮት የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳና ወደ ላይ የሚወጡ የውሃ ቧንቧዎችን ነው። አዋላጇ ተረኛ ነበረች። ነጭ ቆቧን አጥልቃለች፤ ከቆቡ ሥር እጀ ብረት በዚያው ሳምንት የሠራቻቸው ጉንጉኖች ይታያሉ።

መረመረቻት። ጓንቷን አውልቃ፣ «እውነቱን?» አለች።

«እውነቱን።»

«ግማሽም አልደረስሽም።»

እጀ ብረት መምህርቷን ጨርሳ የመጣች ሰው በመሆኗ ሥራው ወደ ማለቁ የተጠጋ መስሏት ነበር። ባሏ አዋላጇን ኪሱ ውስጥ እጇን እንዳገኘው ሰው አያት።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ተመላለሱ። ምጡ ሲመጣ ግድግዳውን ትደገፋለች፤ ሲለቃት ትራመዳለች። ባሏ ቦርሳውን አቅፎ ከኋላዋ ይከተላል።

«አለቀ እኮ» አላት አንዴ። «ደረስሽ።»

«አንተ ቁልፍህን ቅረጽ!»

እሱም ቦርሳውን አጥብቆ አቅፎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረ።

ከቀትር በኋላ አዋላጇ እንደገና መረመረቻት። «ከቅድሙ ብዙ አልተለወጠም» አለች። የተስማሙበት ነውና ድምፇን አላለሰለሰችም። እጀ ብረት ያኔ ገባት፤ እውነት በጎኑ የሚይዙት እጀታ የለውም። ምጡ ደግሞ አሁን መልኩን ቀይሯል። ቀድሞ ወገቧን ይጨብጥ የነበረው አሁን ሙሉ በሙሉ ይነክራታል፤ ስትወጣ የት እንደነበረች አታውቅም። መጣ፤ ሄደ። መጣ። በሚቀጥለው መሃል የአልጋውን ብረት ይዛ፣ ከሆዷ በሚወጣ ድምፅ፣ «መርፌውን። ሐኪሙን ጥሪልኝ» አለች።

አዋላጇ አልሳቀችም። እምቢም አላለችም። «እሺ» ብላ ወደ በሩ ሄደች።

«ቆይ!» አለቻት እጀ ብረት። «ስንት ቀረኝ?»

አዋላጇ የበሩን እጀታ እንደያዘች ዞረች። «አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ሥራሽ አይደል?»

«ሥራዬ ነው። አንቺ የቀረውን ፀጉር ታይዋለሽ፤ ስለዚህ ታውቂዋለሽ። እኔ የማውቀው የደረስሽበትን ነው። የቀረው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ እስኪመሽም ሊሆን ይችላል። አንቺም ሕፃኑም ደህና ናችሁ። ከዚህ ያለፈ ብነግርሽ ውሸት ነው። እውነቱን ብለሽኝ የለ?»

እጀ ብረት ጭንቅላቷን አልጋው ላይ አሳረፈች። ስንት ዓመት «የመጨረሻዋ ናት» ስትል ኖራለች፤ ሁሌም የቀረውን እያየች ነው ያለችው፤ ለዚህም ነው ውሸት የሆነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን የቀረውን የሚያይ ሰው የለም። ያላየውን ሰው ደግሞ ውሸታም አይሉትም። ቢበዛ ተስፈኛ ነው።

«እንግዲያው ያንን በይኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ያንን የኔን።»

አዋላጇ የበሩን እጀታ ለቀቀች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ በአጠገቧ ጎንበስ አለች፤ ፀጉር ሠሪ እንደምትጎነበሰው። «አይዞሽ» አለቻት በዝቅተኛ ድምፇ። «ይቺ የመጨረሻዋ ናት።»

መጣ። እጀ ብረት ዓይኗን ጨፍና ያቺን አንዷን ቻለቻት።

«ሐኪሙን ልጥራው?»

«ከሚቀጥለዋ በኋላ።»

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት።»

«ውሸታም።»

«አዎ። ተንፍሺ።»

እንዲህ ሆነው ቆዩ። በየመሃሉ አዋላጇ «ልጥራው?» ትላለች፤ በየመሃሉ እጀ ብረት «ከሚቀጥለዋ በኋላ» ትላለች። ባሏ ጥግ ላይ ቆሞ ሁለቱ ሴቶች በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ግራ ገብቶታል። አንድ ጊዜ ከአዋላጇ ቆብ ሥር አንድ ጉንጉን ሾልኮ ፊቷ ላይ ተንጠለጠለ፤ እጀ ብረትም በዚያ ሁሉ መሃል፣ ጫፉን በደንብ አላሰርኩትም ማለት ነው፣ ብላ አሰበች።

ከዚያ ምጡ ሌላ ነገር ሆነ፤ የሚነክር ሳይሆን የሚገፋ። አዋላጇ ወደ እግሯ በኩል ሄደች። ድምፇ ተለወጠ። «እጅሽን ስጪኝ» አለቻት።

ሰጠቻት። አዋላጇ ጣቶቿን ይዛ ወደ ታች ወሰደቻቸው፤ አንድ ነገር ላይም አኖረቻቸው። እርጥብ ነው። ሙቅ ነው። ለስላሳ ነው፤ ሚዶ የማያውቀው። እጀ ብረት የስንት ሰው ራስ ነክታለች፤ ሻካራ፣ ሉጫ፣ ቀለም የጠገበ፣ ሽበት የጀመረው። ጣቶቿ ሳትጠይቃቸው አወቁት።

«ፀጉር አለው» አለች።

«አለው። አሁን በይ። ይቺ እውነት የመጨረሻዋ ናት።»

«ውሸታም!» ብላ ጮኸች፤ ገፋችም። ያኔ አዋላጇ አልዋሸችም ነበር።

ወንድ ነው። ባልየው ግድግዳው ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ፤ የእጅጌው ብናኝም ጉንጩ ላይ ቀረ። ሕፃኑን ደረቷ ላይ ሲያስተኙት እጀ ብረት «ማን?» አላለችም።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ አይደለም። አማቷ መጥተው ሕፃኑን ገልጠው አዩት፤ እግሩን፣ ጆሮውን፣ ጣቱን ፈተሹ። «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» አሉ። «አሁንም ግን ሞኝ ነሽ።» የሕፃኑን ልብስ ሁሉ ራሳቸው ሰፍተው ነበር የመጡት።

ሱቁ ውስጥ ሁሉም ወሬውን ሊሰማ አሰፍስፎ ጠበቃት። እሷ ግን ስትመለስ የምትናገረው ብዙ አልነበራትም። ሕመሙ ራሱ፣ ሊያስቡት ሲሉ፣ እንደ ሕልም ይንሸራተታል። «እንዴት ነበር?» ሲሏት «ያማል» ትላለች፤ ሌላ የለም። ታሪኩን በእሷ ፈንታ የሚያወሩት መምህርቷ ሆኑ፤ ያላዩትንም ጨምረው። አንዲት ነፍሰ ጡር ደንበኛ «እኔም ያለ መርፌ ልውለድ?» ብላ ስትጠይቃት፣ «ሚዶ የሚያመውን ራስ ባለቤቱ ነው የሚያውቀው» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ሚጢ ግን እንደ ደንበኞቹ በአንድ ቃል የምትሸኝ አይደለችም።

«እሱ ሲወለድ ምን ይመስል ነበር?»

«ሳይወለድ በፊት ፀጉሩን ነካሁት።»

ሚጢ አሰበች። «የኔንስ?»

«ያንቺን አልነካሁም። ወሬ ይዤ ነበር።»

ልጅቷ ይህን በራሷ ሚዛን መዘነችው። ከዚያ ዞራ ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ አደረገችና፣ «በቃ፣ አሁን ንኪው» አለች።

ወር ሳይሞላ በመስኮቱ የአዋላጇ ጫማ አለፈ፤ ትንሽ አመነታ፤ ደረጃውንም ወረደ። አዋላጇ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኑ ቢጎዲን ማስቀመጫው አጠገብ በቅርጫት ተኝቷል፤ ሚጢ ትጠብቀዋለች። ሚዶው ገና ሥራ ሲጀምር አዋላጇ የላላውን እጀታ ጨምድዳ ያዘች።

«ስንት ቀረ?» አለች ብዙም ሳይቆይ፣ እንባዋ ደርሶ።

እጀ ብረት የቀረውን አየች። ከጆሮ እስከ ጆሮ ያልተነካ ፀጉር ነበር። «እውነቱን ልንገርሽ ወይስ...»

«ዋሺኝ! ዋሺኝ ባክሽ!»

እጀ ብረት ጎንበስ አለች። «አይዞሽ እትዬ። ይቺ የመጨረሻዋ ናት።»

«እማዬ» አለች ሚጢ ከጥግ፣ «ገና ብዙ አለ እኮ።»

«አንቺ ዝም በይ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።